ለውድ ደንበኞቻችን፦ በራችን ላይ ስለተለጠፈችው ወረቀት

ጎንደር፣ ፒያሳ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልን ደንበኞቻችን፤

ባለፈው ሰኞ በራችን ላይ የለጠፍናት ወረቀት ብዙዎቻችሁን አስቀይማለች። «የስፖንሰሩ የታክስ ወረቀት ሳይታይ ፋይል አንጀምርም፣ ቀብድ አንቀበልም፣ ጆይንት ስፖንሰር አናፈላልግም» ትላለች። ፋይል ያልነው የትዳር ቪዛ ፋይል ነው፤ ስፖንሰር ውጭ አገር ሆኖ የትዳር ጓደኛውን የሚያስመጣው ሰው ነው፤ ጆይንት ስፖንሰር ደግሞ የእሱ ገቢ ሲያንስ አብሮ የሚፈርመው ሁለተኛ ሰው። ከአዘዞ በባጃጅ የመጣ ሰው አንብቦ ተመልሷል። ከደባርቅ መጥተው ያደሩ እናት አንብበው ተመልሰዋል። አንድ ወንድማችን «ሰው ሲበዛላችሁ ጠገባችሁ» ብሎን ሄደ። አንዲት እህታችን ደግሞ ፋይሌን ያዙብኝ እያለች ሰፈር ለሰፈር አውርታለች።

ሳንደውልላችሁ መለጠፋችን ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጉልን።

ውሳኔው ግን ጥፋት አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናው እስኪፈላ ታነቡታላችሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ አዲስ የመጣችሁ ልጆች ግን ተጨምራችኋልና ልንገራችሁ። እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ በመጻፍ ነው። አንዲት የታይፕ መኪና፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ጃንጥላ። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላው ለታይፕዋ ነበር፤ እኔ እበሰብሳለሁ። ቀጥሎ ዲቪ መጣ። ከዚያ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ትርጉም። አሁን ደግሞ ዋናው ሥራችን የትዳር ፕሮሰስ ሆኗል። ለጥምቀት ዲያስፖራው ይገባል፣ ጥር ላይ ሰርጉ ይደገሳል፣ የካቲት ላይ ሙሽራው ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። መጋቢት ላይ ሙሽሪት የጋብቻ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ አልበሟን አቅፋ እኛ ጋ ትመጣለች። ያንን አልበም ስንቴ እንዳየሁት! የፋሲል ግንብን በቬሎ ጀርባ ያላየሁበት ሳምንት የለም።

እና ድሮ የምጠይቃት ስለ ፎቶው ነበር። አሁን የምጠይቃት «ባልሽ ምን ይሠራል? ታክሱ ላይ ስንት ብሎ ሞላ?» ነው። አንዳንዶቻችሁ ይህን ጥያቄ እንደ ነገር ፍለጋ ቆጥራችሁታል። አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ነው የሚጠይቃችሁ፣ እኔ አፉ ሆኜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱን ወይም ባሏን የሚያመጣ ሰው አይ-864 የሚባል የስፖንሰርነት ፎርም ይፈርማል። ገቢው ከአሜሪካ መንግሥት የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረስ አለበት። ቁጥሩ በየዓመቱ ይለወጣል። በፈረንጆቹ 2025 መለኪያ ሁለት ሰው ለሆነ ቤተሰብ 26,437 ዶላር ነበር። ሦስት ከሆኑ 33,312፣ አራት ከሆኑ 40,187። አላስካና ሃዋይ ከፍ ይላል፤ እዚያ ያገባ ደንበኛ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

«ሁለት ነን» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሱ ይቆጠራል፣ ሚስቱ ትቆጠራለች፣ ከድሮ ትዳሩ ታክሱ ላይ ያስመዘገባቸው ልጆች ይቆጠራሉ። ከዚህ በፊት ፈርሞ ያስገባው ሰው ካለና ግዴታው ካላለቀ እሱም ይቆጠራል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ውሳኔውን ያመጣብኝን ጉዳይ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ፈቅዳልኛለች።

ባሏ ሲትዝን፣ ማለትም የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ኡበር የሚባለውን በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል። እናቷ «ልጃችን በሳምንት ሺህ ዶላር ይሠራል» አሉኝ። አልዋሹም። በዓመት 52 ሺህ ማለት ነው። እኔም ይበቃል ብዬ ሙሉ ክፍያ ተቀበልኩ፣ ወረቀቱን ተረጎምን፣ ፎርሙን ሞላን። 325 ዶላር ለቪዛው፣ 120 ዶላር ለስፖንሰር ወረቀቱ ባሏ ከፈለ። አዲስ አበባ ወረደች፣ የጤና ምርመራ አደረገች፣ ሚያዝያ ላይ ኢንተርቪው ገባች።

ቆንስሉ የታክሱን ወረቀት አየ። እዚያ ላይ የተጻፈው 19,200 ነበር።

የት ሄደ ሌላው? የትም አልሄደም። ባሏ በ2024 ወደ 40 ሺህ ማይል ነድቷል። የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት ለዚያ ዓመት ለአንድ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም ከገቢ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። 26,800 ዶላር በዚያ ወጣ። የኩባንያው ኮሚሽን፣ ስልኩ፣ ምኑ ምናምኑ ወደ 6,000። የቀረው 19,200 ነው፤ ታክስ የከፈለውም በዚያው ላይ ነው። ሰውየው ምንም አላጭበረበረም። ታክስ የሚሠራለት ሰው ታክሱን ስላሳነሰለት እንዲያውም አመስግኖታል። በኪሱ የገባውና በወረቀቱ ላይ ያለው ገቢ ለየቅል ናቸው፤ ኤምባሲው የሚያነበው ደግሞ ወረቀቱን ነው።

ልጅቱ ጆይንት ስፖንሰር አምጪ ተብላ ተመለሰች። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ እኛ ጋ መጣች። ጥግ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይህን አያውቁም ነበር?» አለችኝ።

አውቅ ነበር። አልጠየቅኩም እንጂ አውቅ ነበር። እሷ ያን ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የጤና ምርመራው ብዙ ጊዜ ለ6 ወር ነው የሚያገለግለው፤ የእሷ ቀን እየቆጠረ ነው። ሲያልፍበት እንደገና ትከፍላለች፣ እንደገና ትመላለሳለች። የተቀበልኳትን ግማሹን መለስኩላት። የቤት ኪራይ ሳምንት ነበር። ይህን የምለው እንድታመሰግኑኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እንድታመሰግኑኝም ይሆናል።

«ታዲያ ወረቀቱን እናንተ አስተካክሉት» የሚለኝ አለ። የታክሱን ማጠቃለያ ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚያወጣው። እሱን ማስተካከል ፎርጅድ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ያቆየሁትን ማህተም ለዚያ አላነሳም።

«ቤት አለን፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንት ሚሊዮን ያወጣል» የሚሉም አሉ። ንብረት በሕጉ ይረዳል፣ እውነት ነው። ሲትዝን የትዳር ጓደኛውን ሲያመጣ የጎደለውን ገቢ ሦስት እጥፍ የሚሆን ንብረት ያሳያል። ስፖንሰሩ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ አምስት እጥፍ ነው። ከላይ ባልኳችሁ ጉዳይ የጎደለው 7,237 ነው፤ ሦስት እጥፉ 21,711 ዶላር። ባንክ ያለ ቁጠባ ቢሆን ነገሩ አልቆ ነበር። ቤት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ መቀየር የሚችል፣ ገንዘቡም አሜሪካ መግባት የሚችል መሆኑን አሳዩ ይባላል። የጎንደርን ቤት ሸጦ ብሩን በሕጋዊ መንገድ ዶላር አድርጎ ማውጣት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ጆይንት ስፖንሰሩ። ከሁሉም ያስቀየማችሁ ይሄ ነው፤ አውቃለሁ። «ሰው ፈልጉልን፣ እንከፍላለን» ትሉኛላችሁ። አንዱ ደግሞ እምቢ ስለው «ደላላ ነህ፣ ዋጋ ልታስወጣ ነው» አለኝ። ይህችን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

ጆይንት ስፖንሰር ዘመድ መሆን የለበትም። 18 ዓመት የሞላው፣ ሲትዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ኑሮው አሜሪካ የሆነ ሰው ይበቃል። ገቢው ግን ለራሱ ቤተሰብና ለምትመጣው ልጅ ተደምሮ ብቻውን መሙላት አለበት። ፊርማው ደግሞ የማስተዛዘኛ ፊርማ አይደለም፤ ውል ነው። ልጅቱ ዜግነት እስክታገኝ፣ ወይም 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል ሥራ እስኪቆጠርላት፣ ወይም አገሩን ጨርሳ እስክትለቅ ድረስ ይቆያል። ፍቺ አያፈርሰውም።

ይህን ከፎርም ላይ ብቻ አይደለም የተማርኩት። የራሴ ታናሽ ወንድም አሜሪካ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንዲት ደንበኛዬ እንዲፈርም ለመንኩት። ሳንቲም አልተቀበለም፤ የኔን ቃል አክብሮ ፈረመ። ልጅቱ ገባች፣ ባልና ሚስቱ በዓመታቸው ተለያዩ። እሷ የት እንዳለች አናውቅም። ዘንድሮ ወንድሜ የራሱን ሚስት ሊያመጣ ሲል ያቺ ልጅ በቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ ቁጭ ብላ ተገኘች። ሁለት መስለውት ሦስት ሆኑ። 26,437 የነበረው 33,312 ሆነ፤ እሱ 30 ሺህ ነው የሚያገኘው። ለፋሲካ አልደወለልኝም።

ስለዚህ ጆይንት ስፖንሰር ከራሳችሁ ሰው ፈልጉ። የሚፈርመውን ነገር ነግራችሁት ይፈርም። እኔ ከእንግዲህ የሰው ፊርማ አልለምንም።

የእንግሊዝና የካናዳ ደንበኞቻችን አጭሩን ያዙ። እንግሊዝ ያለ ስፖንሰር በዓመት 29,000 ፓውንድ ማሳየት አለበት፤ እስከ ኤፕሪል 2024 ድረስ 18,600 ነበር። ከዚያ በፊት የጀመሩ ጎረቤቶቻችሁ የነገሯችሁን ቁጥር እርሱት። ካናዳ ለትዳር ጓደኛ የገቢ ወለል የለውም፣ ኩቤክ የራሱ አሠራር አለው። ካናዳ ያለው ሰው ከአካል ጉዳት ውጭ በመንግሥት ድጎማ የሚኖር ከሆነ ግን አይሆንም።

ዋጋም ጨምራችሁ ብላችሁኛል። ጨምረናል። የአንድ ገጽ ትርጉም ከ250 ወደ 400 ብር ገብቷል። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከ130 በላይ ነው። ቶነርና ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው። ኪራዩንማ ተዉት፣ አከራዬም ይህን ደብዳቤ ያነባል። ግን አንድ ነገር አስታውሱልኝ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ፋይላችሁን በፍላሽ ኪሴ ውስጥ ይዤ በአውሮፕላን አዲስ አበባ እየሄድኩ ኢንተርኔት ላይ ጭኛለሁ። ያኔ ለቲኬት ብዬ ከማንም አንድ ብር አልጨመርኩም። አልነገርኳችሁም ነበር፤ አሁን «ጠገባችሁ» ስትሉኝ ነው ትዝ ያለኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ የመጨረሻውን ዓመት የታክስ ማጠቃለያ ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ነፃ ነው። ተቀጣሪ ከሆኑ ደብሊው-ቱ (አሠሪው የሚሰጠው የዓመቱ የደመወዝና የታክስ ማስረጃ)፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶችና የአሠሪ ደብዳቤ ይጨምሩ። በቴሌግራም ይላኩልን። እኔ ራሴ አያለሁ፣ ለማየት አላስከፍልም። ከሞላ በዚያው ቀን እንጀምራለን። ካልሞላ አሁን ያለበት ገቢም ስለሚታይ መፍትሔ ሊኖረው ይችላል። ከኢንተርቪው የተመለሰችው ልጅ ባሏ ከኡበሩ ሌላ መጋዘን ውስጥ በደመወዝ ተቀጥሯል፤ ሌሊት ነው የሚሠራው። ሦስተኛውን የደመወዝ ወረቀት እየጠበቅን ነው።

ፋይላችሁን መውሰድ የምትፈልጉ ኑና ውሰዱ። አንድም አልጠፋም፣ በስም ተደርድሯል። ቀብድ ከፍላችሁ ሥራው ያልተጀመረላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ሙሉውን እንመልሳለን። ባትወስዱት ግን ደስ ይለኛል። ከእናታችሁ የልደት ወረቀት ጀምሮ የጻፍኩላችሁ ቤተሰቦች አላችሁ፤ ወደ ሌላ ቤት ስትሄዱ ባይ ቅር ይለኛል።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ክፍት ነን። በበዓል ቀን ዝግ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቢሮው ባለቤት

ከደባርቅ ለመጡት እናት፦ ጥቁሩ ጃንጥላዎ እኛ ጋ ነው፤ በሩ ላይ ነው የረሱት። የልጅዎን ባል የታክስ ወረቀት ካገኙ በዚያው ይምጡ፣ ሰልፍ አያስፈልግዎትም።