ጉዛራን አልፎ ጎንደር መግባት ይብቃ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደርና ጎርጎራ ያሉ ግምቦችና ገዳማት በአንድ የጉብኝት መስመር እንዲያዙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ጎንደር የመጣ እንግዳ የሚያየው ይታወቃል። ፋሲል ግቢ፣ የዐፄ ፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፤ ከዚያ ጓዙን ጭኖ ወደ ደባርቅ። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ቁስቋም፣ የጎርጎራው ገዳም፣ ማርያም ግምብ የሚባለው የዐፄ ሱስንዮስ ሥራ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግምብም በዚያው መዝገብ ውስጥ ናቸው። ከባሕር ዳር በመኪና የሚመጣ እንግዳ ከእነዚህ አንዱን ሳያየው አልፎ ነው ጎንደር የሚገባው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገዱ ምን ላይ እንደሆነ እናንተም እኛም እናውቃለን። ስለ ጸጥታው ለመጻፍ አልተነሳንም። እንግዳው በሚመለስበት ጊዜ ዝግጁ ሆነን እንጠብቀው ነው የምንለው። አብዛኛው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ቀለም፣ ሰሌዳ፣ ኖራና የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

ከጉዛራ እንጀምር። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ግምብ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እሳቸው ካረፉ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ነው። የጎንደርን ግንብ አሠራር ከነምንጩ መረዳት የሚሻ ሰው እዚህ መጀመር አለበት። ግምቡ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ፣ ጣናን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከመገንጠያው 500 ሜትር ቀደም ብሎ አንድ ሰሌዳ፣ መገንጠያው ላይ ሁለተኛ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ሦስተኛ ያስፈልጋል። መገንጠያው ላይ ብቻ የሚተከል ሰሌዳ ጥቅም የለውም፤ በ80 የሚነዳ ሹፌር ሲያነበው አልፎታል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ሐይቁ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ግምቡ ፊቱ የሚበራው ከሰዓት በኋላ ነው። ከባሕር ዳር በ7 ሰዓት የተነሳ እንግዳ በ9 ሰዓት ግድም ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት አይቶ ሳይመሽ ጎንደር ይገባል። ባሕር ዳር–ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጉዛራ ከጉዞው ላይ የሚወስደው ያቺኑ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ጠዋቱ ለጣና ይሁን። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አይመችም። ለዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በ1 ሰዓት ተነስቶ ከቀትር በፊት መመለስ ይቻላል። ደቅ ደሴት ላይ ላለችው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ግን ቀኑን ሙሉ መመደብ ግድ ነው፤ ከዘጌ ጋር ላጣምር ያለ ሰው ሁለቱንም በጥድፊያ ያያል። በባሕር ዳር ወደብ አንድ ግልጽ ሰሌዳ ቢቆም ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፣ ኡራና ናርጋ ይገባባቸዋል። ባልና ሚስት ይህንን የሚሰሙት ገንዘብ ከፍለው፣ ደሴቱ ዳር ደርሰው መሆን የለበትም።

ቀጥሎ የቅዳሴ ሰዓት ነገር አለ፤ መመሪያ መጻሕፍት ይህን ሲጽፉ አናይም። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር ወዲያ ነው። በዐቢይ ጾም በ7 ሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የደረሰ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ያው ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነው። በየወሩ በ7 ሥላሴ፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም ይነግሣሉ። በእነዚህ ቀናት ሥዕል ለማየት የመጣ ሰው አይመቸውም፣ ማኅሌት ለመስማት የመጣ ግን ይታደላል። ኅዳር 6 ለቁስቋም፣ ጥር 7 ለሥላሴ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ሕዝብ የሚወጣበት ነው። ይህንን የያዘ አንድ ገጽ፣ ሰዓቱ በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ተጽፎበት በየሆቴሉ ይለጠፍ። «3፡00» ብቻ ሲባል ፈረንጁ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለ መዋኛውም አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ውኃ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ እየተሳበ ለጥምቀት ነው፤ በሌላው ጊዜ ደረቅ ነው። ፎቶ አይቶ በግንቦት የሚመጣው እንግዳ እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

ወደ ድንጋዩና ወደ ሥዕሉ እንምጣ፤ ዋናው ሐሳባችን እዚህ ነው። ፋሲል ግቢ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ፣ ኋላ ያ ሥራ በኖራ ሲታረም ብዙ ድካም ወስዷል። ገጠር ያሉት ግምቦች ያንን ስህተት ሊደግሙት አይገባም። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያስወጣም፤ ግድግዳው ውስጥ የገባ ውኃ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከፊቱ ይልጠዋል። ኖራ ይተነፍሳል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የተቃጠለው ኖራ በውኃ ከበረደ በኋላ ለሳምንታት መቀመጥ አለበት። ከተለሰነ በኋላም ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። በክረምት ከተሠራ ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ ሥራው የጥቅምትና የኅዳር ነው። በጀቱ በግንቦት የተለቀቀ እንደሆነ ተቋራጩ ጨረስኩ ለማለት ሲል ሲሚንቶ ያነሳል። ጥያቄያችንም የሚያርፈው ገንዘቡ በሚለቀቅበት ወር ላይ ነው።

የግድግዳ አናት ላይ ወፍ የጣለችው የሾላና የዋርካ ዘር በአንድ ክረምት ይበቅላል። ጣት ሳያክል በእጅ ይነቀላል፤ ክንድ ካከለ በኋላ የነቀለው ሰው ድንጋዩንም ይዞት ይወርዳል። ያን ጊዜ መቁረጥ፣ ጉቶውን ማድረቅ፣ ክፍተቱን በኖራ መሙላት ነው የሚያዋጣው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ሁለት ሰው በመሰላል የሚውልበት ሥራ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። የመዋኛው ቅጥር ላይ ያሉት ትልልቅ ዋርካዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ሥሮቻቸው ቅጥሩን አቅፈው ይዘውታል፣ ማንም እንዳይነካቸው!

በገዳማቱ ያለው ሥዕል በብዛት ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። የሚያጠፋው በቅድሚያ የጣሪያ ፍሳሽ ነው። ውኃው ከጨርቁ ጀርባ ይገባል፣ ማጣበቂያው ይላቀቃል፣ ጭቃው ይፈርሳል፤ ከፊት ሲታይ ግን ሥዕሉ ለጊዜው ደህና ይመስላል። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ጣሪያ የሚያይ ሰው ይመደብ። ከዚያ የሚከተለው የሰው ጀርባ ነው፤ ከወለል እስከ ትከሻ ያለው ክፍል ቀድሞ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ የሚዘረጋ ገመድ ይበቃል። መስታወት አይግጠሙበት፤ እርጥበት ያፍናል።

ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ከለማች ወዲህ እንግዳ የሚያድርበት አላት። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጎ የሚወርድ ሰው ደብረ ሲና ማርያምን ጠዋት አይቶ፣ ነፋሱ ሳይነሳ በጀልባ ማርያም ግምብ ደርሶ ሊመለስ ይችላል። የደንቢያ መረሬ አፈር በዝናብ ማግስት ጎማ ስለሚውጥ በክረምት የጀልባው መንገድ ይሻላል። ማርያም ግምብ ግን በከፊል የፈረሰ ነው፤ ከቆሙት ቅስቶች ሥር እንዳይቆም የሚከለክል አጥርና ጠባቂ ሳይኖር እንግዳ እንዲወሰድበት አንደግፍም።

ስለ ክፍያ አጭር ሐሳብ አለን። ፋሲል ግቢን፣ መዋኛውን፣ ቁስቋምን፣ ጉዛራንና ማርያም ግምብን የሚያካትት፣ ለሦስት ቀን የሚያገለግል ባለ ጉርድ ትኬት ይዘጋጅ፤ እያንዳንዱ ቦታ በሰበሰበው ጉርድ ልክ ድርሻው ይድረሰው። ለቤተ ክርስቲያንና ለገዳማት የሚከፈለው ግን ከዚህ ውጭ፣ ለራሳቸው በራሳቸው ደረሰኝ ይሁን። ሳይማከሩ ቢጠቀለሉበት በሩን የሚዘጉት እነሱ ናቸው፤ መብታቸውም ነው።

የሰሌዳዎቹንና የበዓላቱን ገጽ ረቂቅ እኛ ጽፈን እናቀርባለን፤ ሠራተኛ መመደብ የእናንተ ነው። የጉዛራው ሰሌዳና የግድግዳ አናት ጽዳቱ ከመጪው መስቀል በኋላ ባሉት ሳምንታት እንዲጀመር፣ የኖራው ሥራ በጀትም ከጥቅምት በፊት እንዲለቀቅ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የባሕር ዳር–ጎንደር መስመር አስጎብኚዎችና ሹፌሮች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር