የሉቅያ መንገድ፣ በመንደር ቤት እያደሩ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን ረዘመ፤ ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ሒሳብ ግን ትተነው እንለፍ። ዛሬ የጻፍኩልሽ ምክንያት ኖሮኝ ነው። ከእህትሽ ጋር በጸደይ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስዳችሁ በቱርክ ደቡብ ጠረፍ የጥንት ከተሞችን በእግር ልታዩ እንዳሰባችሁ፣ ገንዘቡም እንዳጠራችሁ ሰማሁ። ሆቴል ሳትይዙ ልድረስ ብዬ ነው።

ሆቴሉን ተዪው። የሉቅያ መንገድ የሚባለው የእግረኛ መንገድ ከፈትሂዬ አጠገብ ተነስቶ አንታልያ ጥግ ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ምልክት ተቀብቶለት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ የተያያዘው ከድሮ የበቅሎና የፍየል መንገዶች ነው። ሉቅያን ከሐዋርያት ሥራ ታውቂያታለሽ፤ ጳውሎስ መርከብ የቀየረባቸው ጳጥራና ሙራ ሁለቱም በመንገዳችሁ ላይ ናቸው። በየመንደሩ ደግሞ አንድ ሁለት ክፍል ለመንገደኛ የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ። ቤቱን ፓንሲዮን ይሉታል። የጉዞው ወጪ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር ላድርገው።

ዋጋው የሚነገረው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስ ይጨምራል። «ያርም ፓንሲዮን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ መኝታው ብቻ ነው ወይስ ምግቡም አለበት የሚለው ክርክር አይነሳም። የገንዘብ መጠን አልጽፍልሽም፤ ሊራ ቶሎ ቶሎ ስለሚወድቅ ከሁለት ዓመት በፊት የታተመ ዋጋ ያሳስታል። እራቱን ቆርጣችሁ ለመኝታ ብቻ እንክፈል ካላችሁ ግን ትከስራላችሁ። አብዛኞቹ መንደሮች ምግብ ቤት የላቸውም፤ ያለው ሱቅም ብስኩትና ለስላሳ ቢሸጥ ነው።

ለአንድ ሌሊት ለማደር ከዋዜማው ማታ በዋትስአፕ መደወል ይበቃል። ከዚያ የሚሻለው ግን ያደራችሁበት ቤት ባለቤት ለሚቀጥለው መንደር እንዲደውልላችሁ መጠየቅ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ብዙዎቹም ይዛመዳሉ። ሳይደውሉ መድረስ በሚያዝያ አያዋጣም። ክፍል ባይጠፋ እንኳ ለሁለት ሰው የሚሆን እራት አልተሠራም።

ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ግቡ። የብዙው ቤት ሙቅ ውሃ የሚመጣው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ የፀሐይ ማሞቂያ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት የደረሰ እንግዳ ፊተኞቹ የጨረሱት በርሜል ይጠብቀዋል። ደመና በዋለበት ቀን ደግሞ ጭራሽ አይኖርም፤ ባለቤቷን በዚህ አትውቀሱ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የመጸዳጃ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ እንጂ ጉድጓዱ ውስጥ አይጣልም፤ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ይዘጋል። ፓስፖርት ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ እንግዳን የመመዝገብ የሕግ ግዴታ አለባቸው። በዕድሜ የምትበልጣችሁን ሴት «አብላ»፣ እናት የምታክለዋን «ተይዘ» በሏት፤ እንደ እኛ እትዬና እማማ መሆኑ ነው። ከማዕድ ስትነሱ «ኤሌሪኒዘ ሳልክ» ካላችሁ እጅሽ ይባረክ ማለታችሁ ነው።

ለስጦታ ከቡና የሚሻል የለም። ቱርኮች የሚያፈሉት እንደ ዱቄት የደቀቀ ቡና ስለሆነ በእኛ ወፍጮ የተፈጨው ጀዝቫ በሚሉት ቡና ማፍያቸው ውስጥ አይሆንላቸውም። የተቆላውን ፍሬ ይዛችሁ ሂዱና ፈትሂዬ ገበያ ውስጥ ካለ ቡና ፈጪ ዘንድ አስፈጩት፤ ለአንድ ቤት 250 ግራም ይበቃል።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ለእናንተ ዋናው እሱ ነው። ለዚህ መንገድ ምርጡ ጊዜ በሀገራችን አቆጣጠር ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ስለሆነ ሁዳዴ ላይ ያርፋል። ደስ የሚለው፣ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ «ዘይቲንያሊ» የሚሉት የአትክልት ወጥ አላቸው፤ ፎሶሊያው፣ አርቲቾኩ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ ከጾም ምግብ አይለይም። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። ነጭ ሩዙ አብዛኛውን ጊዜ በቅቤ ይሠራል፤ የምስር ሾርባው የአጥንት መረቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ድንችና ስፒናች የተሞላው ስስ ቂጣም ከምጣዱ ሲወርድ ቅቤ ይቀባል። ስለዚህ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እነሱ ጾም ሲሉ እስከ ማታ አለመብላት ነውና። አንድ በአንድ ቁጠሩት፦ ኤት ዮክ፣ ሱት ዮክ፣ ፔይኒር ዮክ፣ ዩሙርታ ዮክ፣ ቴሬያኢ ዮክ። ሥጋ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም ማለት ነው። ይህንንም ስልክ ስትደውሉ እንጂ ገበታ ከቀረበ በኋላ አትበሉ። ለቁርስ አይብና እንቁላሉን ትተው ወይራ፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ማርና ካሮብ ከሚባል የዛፍ ፍሬ ወይም ከወይን ከሚወጣ ሽሮፕ ጋር የተደባለቀ የሰሊጥ ቅባት ይሰጧችኋል። የመጨረሻው «ታሂን ፔክሜዝ» ይባላል፤ ለዳገት የሚሆን ጉልበት ያለው እሱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ለመጾም ካሰባችሁ ቁርሱን በስንቅ አስቋጥሩት፤ አይከፋቸውም፣ እንዲያውም በማለዳ ለመነሳት ያመቻል። ረመዳን ጋር ከተገጣጠማችሁ ደግሞ እራት ፀሐይ እንደጠለቀች ነው፤ አትዘግዩ።

ሁለት ሳምንት ለሙሉው መንገድ አይበቃም፤ በሦስት ቁራጭ ከፋፍሉት። የመጀመሪያው ከፋራልያ በካባክ፣ በአልንጃ፣ በገይና በቤል አድርጎ እስከ ጳጥራ ነው፤ ስድስት ቀን ስጡት። ከካባክ ባሕር ዳር ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አልንጃ የሚያወጣው ዳገት አጭር ግን ጨካኝ ነው። በማለዳ ተነሱ፤ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ያዙ። በሌላው ቀን 2 ሊትር ይበቃል። በመንገድ ዳር ጉልላት ያላቸው የድሮ የዝናብ ውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ፍየልም ከዚያው ስለሚጠጣ ያለ ማጣሪያ ወይም ያለ ክኒን አትንኩት።

የመንገዱ ምልክት ነጭና ቀይ ሰረዝ ነው፤ ቀይ የመስቀል ምልክት ካያችሁ መንገዱ እሱ አይደለም። ሰው የሚጠፋው ገደል ላይ ሳይሆን ሰፊና ምቹ በሆነ የጫካ መኪና መንገድ ላይ ነው፦ ወሬ ሲይዙ ምልክቱ ወደ ጎን የታጠፈበትን ያልፉታል። አምስት ደቂቃ ያህል ምልክት ሳታዩ ከሄዳችሁ የመጨረሻውን እስክታገኙ ተመለሱ፤ በግምት አቋራጭ ማበጀት ወደ ፍየል መንገድ ያስገባል፣ የፍየል መንገድ ደግሞ እሾህ ውስጥ ያልቃል። ካርታውን ከነመስመሩ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ በሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲደርቅ ሶል ይበላል፣ ሲረጥብ ሳሙና ይሆናል። ሸክማችሁ ከ8 ኪሎ አይለፍ። ቤት ውስጥ ስለምታድሩ ድንኳን አያስፈልግም፤ ስስ የአንሶላ ከረጢት ይበቃል። የእረኛ ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ መንጋውን በሰፊው ዙሩና እረኛውን ጮኻችሁ ጥሩት።

የቤል ቁልቁለት ካለቀ በኋላ ፒድናይ የምትባል በባሕር ዳር የቆመች የድንጋይ ምሽግ ታገኛላችሁ፤ የመግቢያ ክፍያ የላትም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ላስቲክ የለበሰ የቲማቲም እርሻ ብቻ ስለሆነ በእግር አትልፉት፤ ዶልሙሽ፣ ማለትም የእነሱ ሚኒባስ፣ ይዛችሁ ሌቶንና የጥንቷን ከተማ ዛንቶስን እዩ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1988 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ሌቶን የሦስት ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ነው፤ በጸደይ የከርሰ ምድር ውሃው ስለሚነሳ መሠረቱ ይጥለቀለቅና እንቁራሪት ይወርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በሉቅያ፣ በግሪክና በአራማይክ የተጻፈ ድንጋይ የተገኘው እዚያ ነው፤ የአክሱሙን የኢዛና ጽሑፍ ያየ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ድንጋዩ ግን ያለው ፈትሂዬ ሙዚየም ነውና ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ እዩት። የዛንቶስ ምርጥ ቅርጻ ቅርጽም በ1840ዎቹ ተጭኖ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል፤ የመቅደላ ዕቃዎቻችን ካሉበት ቤት መሆኑ ነው።

የሉቅያን የጥንት መቃብሮች ቀረብ ብላችሁ እዩ። ድንጋዩ የተጠረበው የእንጨት ቤት እንዲመስል ነው፤ የወራጁ ጫፍ፣ የጣሪያው አጣና፣ የበሩ ተንሸራታች ሳንቃ ሁሉ በድንጋይ ወጥቷል። በአክሱም ሐውልቶች ላይ ያለው ብልሃት እዚህም አለ፤ አንዱ ከሌላው ተማረ ግን አትበሉ።

ዛንቶስ አጠገብ ካለችው ክንክ ዶልሙሽ ይዛችሁ አክበል ላይ ውረዱና ወደ ጳጥራ በእግር ሂዱ። በመንገድ ላይ ደሊክኬመር አለ፦ መሐላቸው የተበሳ ትልልቅ ድንጋዮች አንዱ በሌላው አፍ እየገቡ የተሠራ የውሃ መስመር ነው። ውሃው ከአንዱ ኮረብታ ወርዶ በራሱ ግፊት ወደ ሌላው እንዲወጣ ስለሆነ መጋጠሚያው ካፈሰሰ ሁሉ ነገር ይበላሻል፤ ስለዚህ ነው ድንጋዩ ያን ያህል የወፈረው። ከጉዞው ሁሉ ይህን አትዝለሉ እላለሁ፤ ደግሞ ነጻ ነው። ጳጥራ ላይ የሉቅያ ኅብረት የተሰበሰበበት ምክር ቤት ታድሶ ቆሟል። 23 ከተሞች ድምፅ ነበራቸው፤ ትልልቆቹ ስድስቱ ሦስት ሦስት፣ የቀሩት ሁለት ወይም አንድ። ማደሪያችሁ ገለሚሽ መንደር ናት።

ሁለተኛው ቁራጭ ከካሽ እስከ ደምረ ነው። ካሽ ላይ የጥንቱ ቲያትርም በገበያ መንገድ ላይ የቆመው የሬሳ ሣጥንም ያለ ቲኬት ይታያሉ። ከከተማዋ እንደወጣችሁ ወደ ሊማንአዝ የሚወርደው ገደል በዝናብ ቀን አይሞከርም፤ ከወደቡ ትንሽ ጀልባ ይሻገራል። ቦአዝጅክ ላይ አድራችሁ በአፐርላይ በኩል ኡቻዝ ትደርሳላችሁ፤ በዚህ መስመር ውሃ በጣም ይጠፋል። እዚያው አጠገብ ያለችው ካለኮይ መንደር የመኪና መንገድ የላትም፤ ማደሪያዋም ውድ ስለሆነ ኡቻዝ አድራችሁ በእግር ደርሳችሁ ተመለሱ። የሰጠመችው የከኮቫ ከተማ ላይ መዋኘት ክልክል ነው፤ እዚያ አስዋኛችኋለሁ የሚላችሁ ባለ ጀልባ ከመጣ ሌላ ፈልጉ።

ደምረ ሙራ ናት። የገደሉ መቃብርና የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ለየብቻ ቲኬት አላቸው፤ አንዱን ብቻ መክፈል ከቻላችሁ ለእናንተ ቤተ ክርስቲያኑ ይሻላል፣ መቃብሮቹን ከአጥሩ ውጭም በሩቁ ታያላችሁ። የቅዱሱ አፅም እ.ኤ.አ. በ1087 ወደ ባሪ ተወስዷል፤ ባዶው ሣጥን ነው የቀረው። ደምረ አትደሩ፤ ከሰዓት የአንታልያን አውቶቡስ ያዙ።

ከደምረ ወደ ፊኒኬ ያለው ተራራ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ በመጋቢት በረዶ ሊኖርበት ይችላል፤ ዝለሉት። ሦስተኛው ቁራጭ ቺራሊ ነው፦ በብርቱካን አትክልት ውስጥ ያሉ የቤተሰብ ፓንሲዮኖች፣ በባሕሩ ዳር በእግር ኦሊምፖስ፣ ወደ ሰሜን ፋሰሊስና ሦስት ወደቦቿ። ከድንጋይ ስንጥቅ በሚወጣ ጋዝ ሳይጠፋ የሚነደው የኪሜራ እሳት ከበሩ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። ከጨለመ በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ ቀን ላይ ነበልባሉ እምብዛም አይታይም። ጀበና ሳትይዙ መሄዳችሁ ይቆጫችሁ ይሆናል።

ስለ ገንዘብ የቀረኝ ይህ ነው። የውጭ ዜጋ የቲኬት ዋጋ በዩሮ የተተመነ ስለሆነ የሊራው መውደቅ አይጠቅማችሁም። የሙዚየም ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት በትክክል የምትገቡባቸውን ቁጠሩ። በመንገዱ መነሻ አጠገብ ካለችው ኦሉዴኒዝ ወዲያ ክንክ እስክትደርሱ በባንክ ማሽን አትተማመኑ፤ የስድስት ቀን ጥሬ ሊራ ያዙ፣ ዝርዝርም ይኑርበት። በረጅም መንገድ አውቶቡስ ሴት ከማታውቀው ወንድ ጎን አይመድቡም፤ ስለዚህ ሁለታችሁ አብራችሁ መሆናችሁን ቲኬት ስትቆርጡ ተናገሩ።

አንቺ በጀርመን ፓስፖርት ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ። የእህትሽ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ስለሆነ በረራ ሳይቆረጥ የቪዛዋን ጉዳይ ከቱርክ ቆንስላ አጣሩ፤ የማይመለስ ቲኬት ቀድሞ መግዛት የብዙ ሰው ገንዘብ በልቷል። መግቢያችሁ ዳላማን፣ መውጫችሁ አንታልያ ቢሆን አንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ ይቀርላችኋል። ቀኑን ስትቆርጡ ላኪልኝ፤ ጾሙ የት ላይ እንደሚውል አይቼ ለፋራልያና ለአልንጃ የምትደውሉበትን ቀን እነግርሻለሁ። እህትሽን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ