ታሽጎ የሚሸጠው ዳጣ ቀኑና ይዘቱ ይጻፍበት

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ቀድሞ በየቤቱ ብቻ ይዘጋጁ የነበሩት ዳጣ፣ አዋዜና ስናፍጭ ዛሬ በሐዋሳ ሱቆች በጠርሙስና በፕላስቲክ ዕቃ ታሽገው ሲሸጡ ማየት ተለምዷል። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ፈጭቶ ለማስቀመጥ ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለሚያዘጋጁት እናቶችም መተዳደሪያ ስለሆነ እኔ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ።

የሚያሳስበኝ ግን ከቅርብ ጊዜ በፊት የገዛሁት ጠርሙስ ክዳኑ አብጦ፣ ስከፍተውም ዳጣው አረፋ ደፍቆ መገኘቱ፣ ከስሙ በቀር የተመረተበት ቀንም ሆነ የጨው መጠን ያልተጻፈበት መሆኑ ነው። ዳጣ ከታሸገ በኋላም መብላላቱን ሊቀጥል ይችላል (በቤት የሚሠራው ቶሎ ስለሚያልቅ ይህ ብዙም አይታይበትም)። ከዚህ የሚከፋው በዘይት ተሸፍኖ የሚታሸገው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ አየር በሌለበትና አሲድነቱ ባነሰ ምግብ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሽታውንም ጣዕሙንም ሳይለውጥ ገዳይ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የምግቡ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ4.6 በታች እንዲሆን በሎሚ ወይም በአቼቶ ማስተካከልና በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ስለዚህ የከተማችን ጤና ቢሮ አነስተኛ አምራቾችን በቅጣት ከገበያ ከማስወጣት ይልቅ፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ባለሙያዎች ጋር ተባብሮ የፒኤች መለኪያና አጭር ሥልጠና በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብላቸው፣ ቀኑና ይዘቱ ያልተጻፈበትንም ዕቃ ባለሱቆች እንዳይረከቡ እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ