ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወጣው የክረምት ንባብ ዝርዝር ይስተካከል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለረጅሙ ዕረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚታደለው የመጻሕፍት ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አሥር አሥራ አምስት ርዕስ፣ የደራሲያኑ ስም፣ ከሥሩም «አንብባችሁ አሳጥራችሁ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ። መራጮቹ ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ በጎልማሳነታቸው የወደዷቸው መጻሕፍት ይበዙበታል። የ12 ዓመት ልጅ 500 ገጽ ያለው ልብ ወለድ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ 20ኛው ገጽ ላይ ይተወዋል፤ ከዚያም «እኔ ንባብ አይሆንልኝም» ብሎ ያርፋል። ይህ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው።

ከንባቡ መጠን ልጀምር። ልጁ ደስ ያለውን መጽሐፍ ይዞ ለ10 ደቂቃ በዝምታ ያንብብና ስንት ገጽ እንደሄደ ይቆጠር። 5 ገጽ ከሆነ በግማሽ ሰዓት 15 ገጽ ይሄዳል። በሳምንት 5 ቀን፣ ለ8 ሳምንት ሲነበብ 600 ገጽ ይሆናል፤ ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ ሦስት ማለት ነው። በ10 ደቂቃ 3 ገጽ የሚያነብ ልጅ ደግሞ በዚያው ጊዜ 360 ገጽ ይጨርሳል፤ ለእሱ ሁለት መጽሐፍ በቂ ነው። ስለዚህ 15 ርዕስ መዘርዘር የሚጠቅመው ልጁ ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱን ራሱ እንዲመርጥ ሲፈቀድለት ነው።

ራሱ መምረጡ ቀላል ነገር አይደለም። እነ ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል-ፍራንዘን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ለሦስት ተከታታይ ክረምት በየዓመቱ ራሳቸው የመረጧቸውን 12 መጻሕፍት ተሰጥተው ነበር፤ የንባብ ውጤታቸው መጽሐፍ ካልተሰጣቸው እኩዮቻቸው በልጦ ተገኝቷል። በጥናቱ የነበሩት ልጆች ዕድሜያቸው ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ያነሰ ነው። ምርጫ ግን ለ13 ዓመት ልጅ ይበልጥ ያስፈልገዋል እንጂ አያንስበትም፤ በዚህ ዕድሜ የታዘዙትን መጥላት የተለመደ ነውና።

ምርጫው ልቅ እንዳይሆን አንድ መለኪያ አለ። መጽሐፉን መካከሉ ላይ ገልጦ አንድ ገጽ ማንበብ፣ ትርጉሙን የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው አንድ ጣት ማጠፍ ነው። እስከ ሦስት ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ይስማማዋል። አራት ከሆነ የሚያግዘው ሰው አጠገቡ ቢኖር ይሻላል። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 200 ቃል ባለው ገጽ ላይ 4 ያልታወቁ ቃላት ከመቶ 2 ናቸው። ቁጥሩ ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ልጁ አዲሱን ቃል ከዐውዱ መገመት እየከበደው ይመጣል፣ የታሪኩም ክር ይጠፋበታል። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ መፈተን ያሳስታል፤ ብዙ ደራሲያን መግቢያውን አቅልለው ውስጡን ያከብዱታልና።

መጽሐፉ ከተመረጠ በኋላም መተው ይፈቀድ። 30 ገጽ አንብቦ ካልሳበው ይመልሰውና ሌላ ይውሰድ፤ ሆኖም ለምን እንደተወው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። «ሰዎቹ በዙብኝ፣ ማን ማን እንደሆነ ጠፋብኝ» ካለ ቀጣዩ መጽሐፍ ጥቂት ገጸ ባሕርያት ያሉት ይሁን። «ወሬ ብቻ ነው፣ ምንም ነገር አይሆንም» ካለ የጀብዱ ወይም የወንጀል ምርመራ ታሪክ ይሰጠው።

ስለ ዓይነቱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከሦስቱ አንዱ ልብ ወለድ ያልሆነ ቢሆን መልካም ነው፤ የሕይወት ታሪክ፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ሕዋ፣ ስለ ስፖርት። በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍም ንባብ ነው። ያነበቡትን ደግሞ ማንበብም አይከልከል።

ጨርሶ ለማያነበው ልጅ ግን ሌላ መንገድ ይያዝ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ5 እስከ 10 ገጽ ያላቸው አጫጭር ልብ ወለዶች ይቅረቡለት፤ በአንድ መቀመጫ ስለሚያልቁ የመጨረስን ደስታ ቶሎ ያገኛል። ከዚያ የረጅሙን መጽሐፍ መጀመሪያ ምዕራፍ ትልቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለትና ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ አቁሞ መጽሐፉን ይተውለት። ልጁም በቀን አንድ ገጽ ድምፁን እያሰማ ያንብብ። በአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላት በፊደሉ ላይ ስለማይታይ፣ ልጁ የሚያነበው ገብቶት መሆን አለመሆኑ በአነባበቡ ቶሎ ይታወቃል። ጄምስ ኪምና ቶማስ ኋይት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናትም፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች መጽሐፍ ብቻ መስጠቱ እምብዛም አልጠቀመም፤ ድምፅን አውጥቶ ማንበብና ስለ መልእክቱ መነጋገር ሲታከልበት ነው ልዩነት የታየው።

«አሳጥራችሁ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ቢቀር እመርጣለሁ። ማጠቃለያ ከኢንተርኔት በደቂቃ ይገለበጣል፤ የሚያነበው መምህርም ልጁ መጽሐፉን መግለጡን አያውቅም። በምትኩ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ «ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የወሰነውን የትኛውን ውሳኔ አንተ አትወስነውም ነበር?»፣ «ስለ አንድ ሰው የነበረህ ግምት የተለወጠው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»። የገጽ ቁጥር መጠየቁ መጽሐፉን እንደገና ያስገልጣል።

በየገጹ ገንዘብ የሚከፍሉ ወላጆችንም ደግመው እንዲያስቡበት እለምናለሁ። ልጁ ስስ ስሱን መምረጥና ዘሎ ማንበብ ይለምዳል፤ ክፍያው ሲቆምም ንባቡ አብሮ ይቆማል። ሽልማት ካስፈለገ ቀጣዩን መጽሐፍ ራሱ መርጦ ይውሰድ።

ጋዜጣችሁ የክረምት መጻሕፍት ጥቆማ ሲያወጣ ከርዕሱና ከደራሲው ስም በተጨማሪ የገጹን ብዛት፣ ዓይነቱን፣ ታሪኩ በምን እንደሚጀምር የሚናገሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን፣ እንዲሁም ወላጅ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሞት፣ ጦርነት ወይም ጥቃት ካለበት እሱን ቢያትም ጥሩ ነው። ቦታ ከተገኘ ደግሞ ከመካከሉ አንድ ገጽ ሙሉውን ይውጣ፤ ልጆቹ የጣት ፈተናውን እዚያው ጋዜጣው ላይ እንዲሠሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቋንቋ መምህር