በየ90 ቀኑ ፓስወርድ ማስቀየር ለማን ይጠቅማል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ስለ መረጃ ደኅንነት መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በጥበቃ ስም ሠራተኛው ላይ ከሚጫኑት ደንቦች አንዱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እሱም ፓስወርድን በየ30 ወይም በየ90 ቀኑ ማስቀየር ነው። ደንቡ ይቅር የምለው ለሠራተኛው ምቾት ብዬ ብቻ አይደለም፤ ደንቡ ራሱ ለሰርጎ ገብ ሥራ ስለሚያቀልለት ነው።

ሠራተኛው ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የፓስወርዱ ጊዜ እንዳለፈ ይነገረዋል። ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሟል። አዲስ ነገር የሚያስብበት ፋታ ስለሌለው ሐምሌ ላይ በወሩ ስም፣ በዓመተ ምሕረቱና በአንድ ምልክት የሠራውን ፓስወርድ ነሐሴ ላይ የወሩን ስም ብቻ ለውጦ ያስገባዋል። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ስላለው ሲስተሙ ይቀበለዋል። የሐምሌው በእጁ የገባ ሰው ግን የነሐሴውን ለማወቅ ምንም አይቸገርም። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አገልግሎታቸው ያበቃ የተቋሙን አካውንቶች መርምረው፣ የቀድሞው ፓስወርድ ከታወቀ 17 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀጣዩን ከ5 ባልበለጠ ሙከራ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ልማዱን ካስፋፉት ሰነዶች አንዱ የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም፣ ኒስት፣ በ2004 ያወጣው መመሪያ ነው። ያረቀቀው ቢል በር በ2017 ለጋዜጣ በሰጠው ቃል በጻፈው እንደሚጸጸት ተናግሯል። ኒስትም በዚያው ዓመት ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር አይመከርም አለ፤ በ2025 እትሙ ደግሞ ጨርሶ ከለከለ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ለዊንዶውስ ከሚያቀርበው መነሻ የደኅንነት ቅንብር ውስጥ የጊዜ ገደቡን በ2019 አውጥቶታል።

የባንክ አይቲ ኃላፊዎች እዚህ ላይ «የክፍያ ካርድ የደኅንነት ደረጃው 90 ቀን ይላል» ማለታቸው አይቀርም። እውነት ነው ይላል፤ ግን የደረጃው አራተኛ እትም ግዴታውን የጣለው መግቢያው ፓስወርድ ብቻ በሆነበት ቦታ ነው፤ እዚያም ቢሆን አማራጭ ሰጥቷል። ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ እንደ ስልክ ኮድ ያለ ማረጋገጫ፣ ያለው መሥሪያ ቤት በዚህ ደረጃ ሊያመካኝ አይችልም።

በምትኩ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ርዝመት ነው። በዕጣ የተመረጡ 12 ትናንሽ የላቲን ፊደላት፣ ከኪቦርዱ ሙሉ 95 ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት በዕጣ ከተመረጡ 8 ይልቅ 14 እጥፍ ያህል ብዙ አማራጭ አላቸው። ለማስታወስ የሚቀለው ደግሞ የማይገናኙ አምስት ቃላትን መደርደር ነው። ቃላቱ ግን በዕጣ ይውጡ፤ የዳዊት ጥቅስ፣ የዘፈን ስንኝ ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር ሰባሪው አስቀድሞ የሚሞክረው ነው። ለአማርኛ ተጠቃሚ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ፓስወርዱ በግዕዝ ፊደል ከሆነ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሐሙስና ሀሙስ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ሲጻፍም «ቀ»ን አንዱ ቀን በአንድ ፊደል፣ ሌላ ቀን በሌላ እየጻፉ አካውንት ማስቆለፍ የተለመደ ነው። እንዲህ የሚያሳስቱ ድምፆች የሌሉባቸውን ቃላት መምረጥ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ አዲስ ፓስወርድ ሲመዘገብ ከዚህ ቀደም ተሰርቀው ከወጡት ፓስወርዶች ጋር ማመሳከር ነው። «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለው አገልግሎት የእነዚህን ዝርዝር በነፃ ስለሚያስወርድ፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍም በራስ ሰርቨር ላይ ማመሳከር ይቻላል።

ሦስተኛው ሁለተኛ ማረጋገጫ ነው፤ ተጠቃሚው ምርጫ ሊኖረው የሚገባውም በተለይ እዚህ ላይ ነው። ኮዱ በኤስኤምኤስ ብቻ ከሆነ፣ በሰው ስም ሲም ካርድ ያወጣ አጭበርባሪ ይቀበለዋል፤ በአንጻሩ ሪያድ ወይም ዋሺንግተን ሆኖ አገር ቤት የባንክ ሒሳብ ያለው ባለቤት የኢትዮጵያ መስመሩ እዚያ ካልሠራለት አይደርሰውም። በስልክ ላይ የሚጫነው የኮድ መተግበሪያ ግን ኔትወርክም ሆነ ካርድ አይፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ የሚሰላው ከሰዓቱ በመሆኑ የስልኩ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ከተዛባ ኮዱ ውድቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል መተው ነው። ስልክ ቢጠፋ ደግሞ መመለሻ እንዲኖር የመጠባበቂያ ኮዶቹ በወረቀት ታትመው ቤት ይቀመጡ።

ሁለት ትናንሽ እገዳዎችም ይነሱ። ፓስወርድ መለጠፍን፣ ማለትም ፔስት ማድረግን የሚከለክል ገጽ፣ ረጅምና ልዩ ልዩ ፓስወርድ የሚያስቀምጡ መተግበሪያዎችን ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ ሰዉም በእጁ ለመጻፍ የሚቀለውን አጭሩን ይመርጣል። በሦስት ስህተት አካውንት መቆለፍም የአይቲ ክፍሉን ስልክ በ«ክፈቱልኝ» ያጨናንቀዋል፤ በዚያ ጥድፊያ መሐል ሌላ ሰው ነኝ ብሎ ደውሎ ማስከፈት ይቀላል። ኒስት የሚፈቅደው ጣሪያ እስከ 100 ተከታታይ ስህተት ነው። ከአምስተኛው ስህተት በኋላ የመጠበቂያ ጊዜውን በየሙከራው እያስረዘሙ መሄድ ገማቹን ማሽን ያደክማል፤ ጣቱ የሳተውን ሰው ግን ከሥራ አያስቀርም።

ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። የጊዜ ገደቡ መነሳት ያለበት ማመሳከሪያውና ሁለተኛው ማረጋገጫ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተነሳ ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ያለ ፓስወርድ ለዓመታት ይሠራል። በዊንዶውስ ዶሜይን (የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ከአንድ ማዕከል በሚተዳደሩበት ሥርዓት) ላይ ሥራው አንድ መስመር ነው፤ ሳይነካ ሲተው 42 ቀን የሚለው የፓስወርድ ከፍተኛ ዕድሜ 0 ይደረጋል። ከዚያ በኋላ የሚቀየረው መውጣቱ ሲታወቅ ወይም ሲጠረጠር ነው። ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ግን በለቀቀበት ቀን ይዘጋ፤ በየ90 ቀኑ በሚያስቀይሩ መሥሪያ ቤቶችም ቢሆን ይህ ሲዘነጋ ይታያልና።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ