መጀመሪያ ይጻፍ

ውድ ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ሦስት ዓመት ጠፍቶ «እንዴት ከርመሃል» ማለት ያሳፍራል። ግን ሌላ መግቢያ አጣሁ። አባትህ ያረፉ ጊዜ መምጣት ነበረብኝ፤ አልመጣሁም። ሳምንት ሲያልፍ «ነገ እደውላለሁ» አልኩ። ወር ሲሞላ አፈርኩ። ዓመት ሲሆን ደግሞ «አሁን ምን ብዬ?» አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ እዚህ ደረስን። ሰበብ የለኝም። ይቅር በለኝ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። «አሁንም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ? ለመሆኑ ገና ሳይደርስ ወር ሙሉ ምን ስትሠሩ ነው የምትከርሙት?» ብለህ ነበር። ግማሹ ተረብ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ልመልስልህ። ወቅቱም እሱው ነው፤ ሦስተኛዋ እሁድ ትናንት አለፈች።

እኛ በላቲን ሥርዓት የምንሄደው ካቶሊኮች ይህን ከልደት በፊት ያለ የዝግጅት ጊዜ ዘመነ ምጽአት እንለዋለን፤ አድቬንት የሚሉትም አሉ። ቃሉ የላቲን ነው፣ «መምጣት» ማለት ነው። የሚገባው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30፣ ለሐዋርያው እንድርያስ ቀን በምትቀርበው እሁድ ነው። አራት እሁዶች አሉት፤ እንደ ዓመቱ ከ22 እስከ 28 ቀን ይሆናል። ምሥራቃውያኑ ረዘም ባለ ጾም ነው ልደትን የሚቀበሉት። በግዕዙ ሥርዓት ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሁዶች ደግሞ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ስማቸው ደስ ሲል!

አንተ መዝሙርና ጌጥ ብቻ ሳይመስልህ አይቀርም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የመጀመሪያዋ እሁድ ንባብ ግን ስለ ሕፃን አንዲት ቃል አይተነፍስም። የዓለም ፍጻሜ ነው የሚነበበው፤ ንቁ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አታውቁትም የሚለው። በሁለተኛዋና በሦስተኛዋ መጥምቁ ዮሐንስ ይመጣል። እሱ ደግሞ ማባበል አያውቅም፤ «የእፉኝት ልጆች» ብሎ ነው የሚቀበልህ። ማርያምና ዮሴፍ የሚመጡት በአራተኛዋ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ ነበር። ለበዓል የሚዘጋጅ ሰው እንዲህ ያስፈራሩታል እንዴ? ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚጠበቀው ሁለት መምጣት ነው፤ በቤተልሔም የሆነውና ገና ያልሆነው። የመጀመሪያውን ብቻ እጠብቃለሁ ካልክ፣ እሱማ ሆኗል፤ የሚጠብቅ ሰው መስለህ ትቆማለህ እንጂ የምትጠብቀው የለህም። ይገርምሃል፣ በአማርኛ በዓሉም ገና፣ ያልደረሰውም ገና ነው። ስንት ዓመት ስናገረው ልብ ሳልለው።

ከመቅደሱ ፊት የቅጠል ጉንጉን እናስቀምጣለን፤ አራት ሻማ ይተከልበታል። ሦስቱ ሐምራዊ ናቸው፣ የንስሐው ቀለም። አንዱ ሮዝ ነው፤ የሚበራው በሦስተኛዋ እሁድ፣ «ደስ ይበላችሁ» በሚባልበት ቀን ነው። በየእሁዱ አንድ እየተጨመረ ይበራል። ዘንድሮ ሻማ እንድገዛ እኔን ላኩኝ፤ ሮዙን ረስቼ አራቱንም ሐምራዊ ይዤ መጣሁ። አንዲት እናት ምንም ሳይናገሩ ከቦርሳቸው የአምናውን ግማሽ ሮዝ ሻማ አወጡ። ለካ በየዓመቱ የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

የጉንጉኑን ታሪክ ስሰማ በጣም ነው የወደድኩት። በሃምቡርግ ከተማ ዮሐን ሂንሪክ ቪሸርን የሚባል ሉተራዊ ቄስ የድሃ ልጆች ሰብስቦ ያሳድግ ነበር። ልጆቹ «ገና ዛሬ ነው? ነገ ነው?» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡት። በ1839 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የጋሪ ጎማ ላይ ሻማ ተከለላቸው፤ ለአዘቦት ቀን ትንንሽ፣ ለእሁድ ትልልቅ። በየቀኑ አንድ እያበሩ ራሳቸው ይቁጠሩት ብሎ። የአራቱ ሻማ ጉንጉን የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ከሊቃውንት ጉባኤ አልወጣም፣ ከልጆች ንዝንዝ ነው።

በቅዳሴም የምናስቀረው አለ። መላእክት ለእረኞች የዘመሩትን «ክብር በአርያም» በእነዚህ እሁዶች አንዘምረውም፤ ለልደት ሌሊት ይቀመጣል። ዜማው አፍህ ላይ እየመጣ ትውጠዋለህ። ከዲሴምበር 17 እስከ 23 ደግሞ በየማታው ጸሎት ላይ አንድ አንድ ጥሪ ይዜማል፤ ጥበብ ሆይ፣ አዶናይ ሆይ፣ የእሴይ ሥር ሆይ፣ የዳዊት መክፈቻ ሆይ፣ ንጋት ሆይ፣ የአሕዛብ ንጉሥ ሆይ፣ አማኑኤል ሆይ። የሰባቱን የላቲን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ብታነባቸው «ኤሮ ክራስ» ይላል፣ «ነገ እገኛለሁ»። ሳምንቱን ሙሉ «ና፣ ና» ስትል መልሱ ከጥሪው ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል። ቄሳችን ይህን ሲነግሩን ጸጉሬ ቆመ።

ሌላው ሥራ የምታውቀው ዓይነት ነው፤ መዋጮ፣ የመዘምራን ልምምድ፣ ንጋት ላይ በሻማ የሚደረግ ጸሎት። ከሁሉ የከበደኝ ግን የጥየቃው ነው። በዓመቱ ሐዘን የደረሰባቸውን ስም ይዘን ሁለት ሁለት ሆነን በየቤታቸው እንሄዳለን። በዓል ለሐዘንተኛ ከባድ ነው፣ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ይበልጥ የሚታየው ያን ቀን ነው። ዘንድሮ እኔንም መደቡኝ። አንድ አባታቸው የሞቱባቸው ቤት ገባን። ልጅየው አንተን ያህላል። ብዙ አላወራንም፣ ተቀመጥን ብቻ። የማላውቀው ሰው ቤት ተቀምጬ ያልተቀመጥኩበት ቤትህ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስንወጣ አብራኝ የነበረችው እህት «አመመህ እንዴ?» አለችኝ።

አሁን ስለ ድራማው ልንገርህና ልጨርስ። ልጆቹ የልደትን ታሪክ ያሳያሉ፤ እኔን ዘካርያስ አደረጉኝ። ለምን ስላቸው «ቃል ስለሌለው አትረሳም» አሉኝ። ታሪኩን ታውቀዋለህ። ካህኑ ዘካርያስ በቤተ መቅደስ ሲያጥን መልአኩ ልጅ ትወልዳለህ ይለዋል። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ በምን አውቃለሁ?» ይላል። ዲዳ ይሆናል፤ ልጁ እስኪወለድ አንዲት ቃል አይወጣውም። ኋላ ዘመዶቹ ስሙ ማን ይባል ሲሉት ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ይጽፋል። ምላሱ የተፈታው ያኔ ነው።

ትናንት ልምምድ ላይ ሰሌዳው መጣልኝ። ማርከሩ ደርቋል። ብፍቀው ብፍቀው አንዲት ጭረት አልወጣም። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ከእረኞቹ አንዱ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ «በቃ ዝም ብሎ ይናገራ!» አለ። መልአኳ ክንፏን እያስተካከለች ገሠጸችው፤ «አይቻልም። መጀመሪያ ይጻፍ።»

ማታ ቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ።

ስልክህ ያው ከሆነ በገና ዋዜማ እደውላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህ ይድረስህ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ስለ እኔ ቢቆጡ ልክ ናቸው በላቸው።

ወዳጅህ