ባነሩ ሦስት ሜትር፣ ራሙ ስምንት ጊጋባይት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉ የባነርና የፖስተር ማተሚያ ቤቶች፣ ሥራ ይዞ የሚመጣ ወጣት ሠዓሊ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፤ «በትክክለኛ መጠኑ፣ በ300 ዲፒአይ ሠርተህ አምጣ።» ዲፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚሰፍረው የፒክስል፣ ማለትም ሥዕሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ብዛት ነው። ልጁ ቤቱ ገብቶ የተባለውን ሲያደርግ ላፕቶፑ ደርቆ ይቀራል። ኮምፒውተር ሱቅ ሲሄድ ደግሞ «ራም ጨምር» ይሉታል። ሻጩ አልዋሸም፤ ራም መጨመር መቼም አይጎዳም። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በወረቀትና በእርሳስ ማስላት ይቻላል፤ ስሌቱንም ሠዓሊዎች ብቻ ሳይሆኑ ማተሚያ ቤቶችም ቢያውቁት ይበጃል።

ሥዕል በራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው በሚይዝበት ማህደረ ትውስታ) ውስጥ የሚይዘው ቦታ በዲስክ ላይ ከምናየው የፋይል ክብደት ጋር አይመሳሰልም። ወርዱን በቁመቱ በፒክስል አባዝቶ ውጤቱን በ4 ባይት ማባዛት ነው፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነት አንድ አንድ ባይት። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ስለሚሆን ሙሉ በሙሉ የተቀባ አንድ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደረብ የሥዕል ንብርብር) 35 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ኤ3 ከሆነ 70 ገደማ። ቀለሙን ከ8 ቢት (ከአንድ ባይት) ወደ 16 ቢት የቀየረ እጥፍ ይከፍላል፤ ዲፒአዩን ከ300 ወደ 600 ያሳደገ ደግሞ አራት እጥፍ፤ ወርዱም ቁመቱም አብረው ስለሚያድጉ። ሃያ ሌየር ያለው የኤ3 ሥዕል ባለ 8 ቢት ሆኖ 1.4 ጊጋባይት ነው። ይህ ስምንት ጊጋባይት ላለው ማሽን የሚከብድ አይደለም።

አሁን 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነውን ባነር በ300 ዲፒአይ እናስላው። 35,433 በ23,622 ፒክስል፣ ማለትም 837 ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል። አንድ ሌየር ብቻውን 3.35 ጊጋባይት! አምስት ሌየር ሲሆን 16 ጊጋባይት ያለው ኮምፒውተርም አይችለውም። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ማተሚያ ቤቱ ራሱ አምጡ የሚለው የፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ፋይል በአንድ ጎን ከ30,000 ፒክስል በላይ አለመቀበሉ ነው፤ የታዘዘው ሥራ ቢያልቅ እንኳ በታዘዘው ዓይነት ፋይል አይቀመጥም። ያው ባነር በ72 ዲፒአይ 8504 በ5669 ፒክስል ነው፤ አንድ ሌየር 193 ሜጋባይት። ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታይም። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች «300» ከማለት ይልቅ ለየባነሩ መጠን የሚፈልጉትን ፒክስል በቁጥር ጽፈው ደንበኛው በሚቆምበት ቦታ ቢለጥፉ ብዙ ላፕቶፕ ከማይገባው ወቀሳ ይድናል። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ካርድ፣ መጽሔትና መጽሐፍ 300 እንዳለ ይቆይ። «ሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) አድርጋችሁ አምጡ» የሚባለውም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በቅጂው ላይ ይደረግ፤ ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ መሥራት ለእያንዳንዱ ፒክስል አንድ ባይት ይጨምራል።

ወደ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራሞቹ ልለፍ። ክሪታ በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ተማሪ የሚጠቀመው እሱን ነው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኮንፊገር ክሪታ»፣ ከዚያ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ሲከፈት «ሜሞሪ ሊሚት» የሚል መስመር ይገኛል፤ ሳይነካ ከጠቅላላው ራም ግማሹ ላይ የተቀመጠ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ ወደ 90 በመቶ ይገፋዋል። 8 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ዊንዶውስና የተከፈተው ብራውዘር በቀላሉ 3 ጊጋባይት ይይዛሉ። ለክሪታ ከ7 በላይ ሲፈቀድለት ሞልቶ ይፈሳል፤ ያኔ ዊንዶውስ የራሱን ዕቃ ወደ ዲስክ መጣል ይጀምራል፣ ወዲያው መልሶ ይፈልገዋል፣ ደግሞ ይጥለዋል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ብሩሹ በየመስመሩ የሚቆመው ያኔ ነው። ስለዚህ ለ8 ጊጋባይት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ ለ16 ጊጋባይት 70 በመቶ ይበቃል። 4 ጊጋባይት ያለው 50ውን ሳይነካ ብራውዘሩን ይዝጋ፤ ሌላ መላ የለውም። ለውጡ የሚሠራው ክሪታ ተዘግቶ ሲከፈት ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ክሪታ ራም ሲያልቅበት የሚጽፍበት የስዋፕ ፋይል ቦታ አለ። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) እና ሃርድ ዲስክ ሁለቱም ያሉት ሰው ወደ ኤስኤስዲው ያዙረው። መጠኑ ይገባ ዘንድ፦ ተራ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ይጽፋል፣ ሳታ ኤስኤስዲ 500 ገደማ፣ ራም ግን ከ10,000 ያልፋል። በዩኤስቢ 2.0 የተሰካ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ከ40 ብዙም ስለማይዘል ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም። ራም ሲሞላ ዲስኩን እንደ ራም የሚጠቀመውን የዊንዶውስ ቨርቿል ሜሞሪ «አጥፉት፣ ይፈጥናል» የሚል ምክርም ይወራል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ራሙ ሲሞላ ፕሮግራሙ ሥዕሉን ይዞ ይዘጋል። ዊንዶውስ ራሱ እንዲያስተዳድረው መተው ይሻላል።

በክሪታ መስኮት ግርጌ የሥዕሉ መጠንና የያዘው ራም በቁጥር ይታያል፤ ከመገመት እሱን ማየት ነው። ክሪታ ሥዕሉን በ64 በ64 ፒክስል ቁራጭ ከፋፍሎ ስለሚይዝ ባዶው የሌየር ክፍል ቦታ አይፈጅም። በአንጻሩ ከሸራው ውጭ የተቀባው ሁሉ ሳይታይ ይቀመጣል፤ ትልቅ ፎቶ ለጥፎ ያሳነሰ ወይም ሥዕሉን ወደ ጎን የገፋ ሰው የማያየውን ዕዳ ይሸከማል። «ኢሜጅ» ውስጥ «ትሪም ቱ ኢሜጅ ሳይዝ» የሚለው ያንን ያራግፋል።

ፎቶሾፕ ውስጥ ተመሳሳዩ ገጽ «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ፐርፎርማንስ» ነው፤ መነሻው 70 በመቶ ነው፣ ከ85 በላይ አይውጣ። ከራሙ ይልቅ እዚህ የሚጎዳው «ሂስትሪ ስቴትስ»፣ ማለትም ወደ ኋላ ለመመለስ የሚቀመጡት እርምጃዎች ብዛት ነው፤ መነሻው 50 ነው። አንድ የብሩሽ መስመር የነካውን ቦታ ብቻ ስለሚያስቀምጥ ቀላል ነው፤ መላውን ሸራ የሚለውጥ ፊልተር ግን የሙሉ ሌየር ቅጂ ያስቀምጣል። ትልቅ ባነር ላይ ወደ 20 ማውረድ ብዙ ያተርፋል። ከሥዕሉ ግርጌ ባለችው ቀስት «ኢፊሸንሲ» የሚለውን ሲመርጡ ቁጥር ይወጣል፤ 100 በመቶ ከሆነ ራሙ በቅቷል፣ ከዚያ ከወረደ ፎቶሾፕ ወደ ስክራች ዲስክ (ራም ሲያንሰው ወደሚጠቀምበት ዲስክ) እየጻፈ ነው። ራም ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ይህን ቁጥር ይሁን። ስክራች ዲስኩ ሞልቶ ፕሮግራሙ አልከፈት ካለ ኮንትሮልና ኦልት ተጭኖ ማስነሳት ሌላ ዲስክ ለመምረጥ ያስችላል።

ዝግታ ሁሉ ግን የራም አይደለም። ኢፊሸንሲው 100 ሆኖ ትልቅ ብሩሽ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ጭነቱ በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። 1000 ፒክስል ስፋት ያለው ብሩሽ አንዴ ባረፈ ቁጥር ሚሊዮን ፒክስል ያሰላል፤ ስፔሲንጉ (ከአንዱ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከብሩሹ ስፋት አንጻር) 0.05 ሲሆን በየ50 ፒክስሉ ያርፋል፣ 0.1 ሲሆን በየ100ው፤ ሥራው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ክሪታ ላይ ሺፍትና ኤል የሚያበራው «ኢንስታንት ፕሪቪው» ለዚሁ የተሠራ ነው፤ የግራፊክስ ማፍጠኛው በርቶ፣ የስኬሊንጉ ምርጫ «ትሪሊኒየር» ወይም «ሃይ ኳሊቲ» ካልሆነ ግን አይሠራም። መስመሩ ከእጅ ኋላ የሚከተል ከሆነ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር በርቶ ይሆናል፤ እሱ ሆን ብሎ ነው የሚዘገየው። መስመሩ መነሻው ላይ ብቻ ቆም የሚል፣ ከብዕሩ ሥር ክብ ምልክት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ «ፕሬስ ኤንድ ሆልድ» ነው፤ ከብዕር ቅንብሩ ይጥፋ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እንደሚቀንስም አይረሳ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ራም መግዛት ግድ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ተጭኖ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ማየት ነው፤ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራል። አሮጌውን ራም ነቅሎ ሱቅ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ከግርጌያቸው የተቆረጠው ክፍተት ያለበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን በቅርጽ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው 1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው 1.35 ቮልት ነው፤ 1.35 ብቻ በሚቀበል ላፕቶፕ ላይ የመጀመሪያው ቢገባም አያስነሳም። ሁለት እኩል ራም ከአንድ ትልቅ ይመረጣል፤ መረጃ በሁለት መስመር ይመላለሳል፣ የራሱ ሚሞሪ የሌለው ግራፊክስም የሚበደረው ከዚሁ ነው። ከተገጠመ በኋላ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባለውን ፍተሻ የዋስትናው ቀን ሳያልፍ ማካሄድ ነው፤ የተበላሸ ራም ፕሮግራም በድንገት ከመዝጋት አልፎ የተቀመጠውን ፋይልም ያበላሻል። ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው 4 ጊጋባይት ካለው ራሙን ያስቀድም፤ 8 ኖሮት ሃርድ ዲስክ የሚጠቀም ኤስኤስዲውን።

የመብራት ነገርም አለ። ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው በክሪታ «ፋይል ሃንድሊንግ» ውስጥ አውቶሴቩን (ፕሮግራሙ ሥዕሉን በራሱ የሚያስቀምጥበትን የጊዜ ልዩነት) ወደ 5 ደቂቃ ያውርድ፤ በየጊዜው ማስቀመጡ ከብዶት የሚቆምበት ከሆነ እዚያው «ኮምፕረስ ኬአርኤ ፋይልስ ሞር» የሚለውን ምልክት ያንሳ። ፋይሉ ይወፍራል፣ አቀማመጡ ግን ይፈጥናል። አዲስ ሥዕል እንደተጀመረ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ ስም የሌለው ሥዕል አውቶሴቭ የሚቀመጠው በዊንዶውስ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ነው፣ የማጽጃ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚጠርጉትም እሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የዲጂታል ሥዕል ባለሙያ፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ